ከፍታ የያዘ መድፍ ለምን ይሸነፋል? ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን መንገድ ከላይ በመድፍ ይዞት ነበር። ታዲያ ከታች የመጣው ጦር እንዴት ገፍቶ አስለቀቀው? ከፍታ የያዘ አይደል የሚያሸንፈው? ተማሪዎቼ ደግሞ ‹መድፈኛ ጋራ ጀርባ ያለውን ሳያይ እንዴት ይመታል?› ብለው ያዙኝ።»

ሰላም መምህር። ጥያቄዎ ሁለት ቢመስልም አንድ ነው። የተማሪዎችዎን ከመለስን የእርስዎም አብሮ ይፈታል። ከፍታ መድፈኛን የሚጠቅመው ዓይን ስለሚሰጠው ነው እንጂ መድፉ ራሱ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አይደለም። ዓይንና መድፍ የግድ አንድ ቦታ በሚቆሙበት ዘመን ሁለቱም ጋራ ላይ ይወጡ ነበር። ኋላ ላይ ዓይኑ ወጣ፣ መድፉ ከጋራው ጀርባ ቀረ። የመስክ መድፍ ታሪክ ዋናው ለውጥ ይህ ነው፤ የአፈሙዝ ውፍረትና የጥይት ክብደት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከእናንተው አገር ቁጥር እንነሳ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው። መንገዱ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሁን እንጂ አሞራ ቢበርበት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 650 ሜትር ለ12 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ማዕዘን 3 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ይህ ለመድፍ ምንም አይደለም። የሚያስቸግረው አማካዩ ሳይሆን ከእግር ሥር ያለው ነው። አፋፉ ላይ ቁልቁለቱ 20 ወይም 30 ዲግሪ በሚደርስበት ቦታ የመስክ መድፍ አፈሙዝ አብሮት ሊያዘቀዝቅ አይችልም። የእንግሊዙ ባለ 25 ፓውንድ መድፍ ወደ ታች የሚወርደው 5 ዲግሪ ነው፤ የአሜሪካው ባለ 105 ሚሊ ሜትር ኤም 101 እንዲሁ 5፤ የሶቪየቱ ባለ 122 ሚሊ ሜትር ዲ-30 ደግሞ 7። ስለዚህ ጫፍ ላይ የተጠመደ መድፍ ሩቁን ሜዳ ሲገዛ ከሥሩ እየቧጠጠ የሚወጣውን እግረኛ ግን አያገኘውም። ጠላት ያንን ጥይት የማይደርስበትን ጥግ ካወቀው መድፉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ወሎ ቀድሞ አይቶታል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ የአፄ ቴዎድሮስ መድፎች ከፋላ አምባ ላይ ሆነው አሮጌ ሜዳ ላይ ወደደረሰው የእንግሊዝ ጦር ወደ ታች ተኮሱ። አብዛኛው ጥይት ዒላማውን ሳተ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ባሩድ ከልኩ በላይ ስለጎረሰ ገና በጅምሩ ፈነዳ። በዚያ ዘመን የባሩዱ መጠን የሚለካው በተኳሹ እጅ ነበር፤ ትንሽ ካነሰ ጥይቱ ከፊት ይወድቃል፣ ከበዛ ብረቱ ይሰነጠቃል። ተማሪዎችዎ ሁልጊዜ የሚያነሱት ሴባስቶፖል ደግሞ የመስክ መድፍ አይደለም። ጋፋት ላይ የተሠራ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን፣ ድንጋይ ወደ ላይ አጉኖ የሚጥል ሞርታር ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገለት፣ የበሸሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ ለመድረስ ወራት ፈጀ። እንግሊዞች በበኩላቸው ቀላሎቹን የተራራ መድፎች ፈታተው በበቅሎ ጫኑ፤ ለከባዶቹ ከሕንድ 44 ዝሆኖች አስመጡ። ሁለቱም ወገን የተጋፈጠው አንድ ችግር ነበር፤ ብረቱ እንደ ሠራዊቱ አይራመድም። መድፍን «የመስክ» የሚያሰኘው ከጦሩ ጋር እኩል መጓዝ መቻሉ ነው እንጂ መጠኑ አይደለም።

ከአፈሙዝ የሚጎርሰው የድሮ መድፍ አሠራሩ አድካሚ ነው። አፈሙዙ በእርጥብ መጥረጊያ ይታሻል፤ የቀረ ፍም ካለ ቀጣዩን ባሩድ በጎራሹ እጅ ላይ ያቀጣጥለዋልና። ከዚያ ባሩዱ፣ መወተፊያው፣ አረሩ በየተራ ይገባሉ፤ በረጅም እንጨት ይጠቀጠቃሉ፤ ኋላ ባለችው ቀዳዳ በኩል እሳት ይለኮሳል። ሲተኮስ መድፉ በመንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይንደረደራል። ወደ ቦታው ገፍቶ እንደገና ማነጣጠር የግድ ነው። ጭሱ ደግሞ ዒላማውን ይሸፍናል።

ይህን የለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከኋላ የሚጎርስ፣ ውስጡ ጠመዝማዛ መስመር የተቀረጸበት የብረት አፈሙዝ ነው። የጀርመኑ ክሩፕ በዚህ ስሙ ገነነ፤ በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ጉራዕ ላይ ይዘዋቸው ከመጡት መድፎች መካከል ነበረበት፣ ከድሉ በኋላም በአፄ ዮሐንስ ጦር እጅ ገባ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው የፈረንሳይ ባለ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ አፈሙዙ ብቻ ወደ ኋላ ተንሸራቶ በዘይትና በታመቀ አየር ግፊት ወደ ቦታው የሚመለስ ሆነ። ሠረገላው ንቅንቅ አይልም። ተኳሹ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ዒላማውን ሳይለቅ በደቂቃ 15 ጥይት መተኮስ ቻለ። ከዚያ በፊት የተሠራው መድፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዓድዋ የዋለው ከዚህ መድፍ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1896) ጣሊያኖች 56 መድፍ ይዘው ገቡ፣ አንዱንም ይዘው አልተመለሱም። ብርጌዶቹ በተራሮች መካከል ስለተነጣጠሉ የአንዱ መድፍ ለሌላው ሊደርስለት አልቻለም። መድፍ የሚተኩሰው የሚያየውን ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በመሃል አንድ ኮረብታ መግባቱ ወንድምን ከወንድም ይለያል። በበጅሮንድ ባልቻ ይታዘዙ የነበሩት ሆችኪስ የተባሉት የምኒልክ መድፎች ግን ትንንሽና ፈጣን ስለነበሩ ለመሬቱ ተስማሙት።

ዓይንና መድፍ እንዲለያዩ ያስገደደው ፈጣኑ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኮሌንሶ ላይ አንድ የእንግሊዝ ኮሎኔል 12 መድፎቹን ሜዳ ላይ፣ እንግሊዝን በሚወጉት በቦየሮች (የደች ዘር ባላቸው ሰፋሪዎች) ጠመንጃ ክልል ውስጥ አሰለፋቸው። መድፈኞቹ በጥይት ረገፉ፣ 10 መድፍ ተማረከ። መድፈኛ የሚተኩስበትን ሰው እያየ ከተኮሰ እሱም እንደሚታይ ያኔ ግልጽ ሆነ። ሩሲያዊው መኮንን ካርል ጉክ ከጋራ ጀርባ ስለመተኮስ እ.ኤ.አ. በ1882 ጽፎ ነበር፤ ሰሚ ያገኘው ግን ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎችዎ ጥያቄ። ምስጢሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተኳሹ የሚያየው ዒላማውን ሳይሆን እንጨት ነው። መድፉ ከጋራው ጀርባ ይጠመዳል። ከመድፉ 50 እና 100 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሁለት ቀይና ነጭ የተቀቡ ዘንጎች ይተከላሉ። መድፉ ላይ ያለው መነጽር ዙሪያውን የሚሽከረከርና በቁጥር የተከፋፈለ ነው። በዒላማው አቅጣጫና በዘንጎቹ አቅጣጫ መካከል ያለው ማዕዘን በካርታና በኮምፓስ ይሰላል። ተኳሹ ያንን ቁጥር መነጽሩ ላይ ይሞላል፤ ከዚያ ዘንጉ በመነጽሩ መሃል እስኪገባ ድረስ መድፉን ያዞራል። ዘንጉን ሲያገኝ አፈሙዙ በራሱ ወደ ዒላማው ዞሯል ማለት ነው። ሁለት ዘንግ የሚያስፈልገው መድፉ በተኩስ ብዛት ከቦታው ሸርተት ስለሚል ነው። አንድ ዘንግ ብቻ 100 ሜትር ላይ ቢኖርና መድፉ 1 ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ በ8 ኪሎ ሜትር ላይ ጥይቱ 80 ሜትር ይስታል። ሁለቱ ዘንጎች በመነጽር ውስጥ መስመር ሲለቁ ግን ስሕተቱ ወዲያው ይታያል።

ማዕዘኑ የሚለካው በዲግሪ አይደለም፤ በሚል ነው። ሚል ማለት በ1 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሜትር ያህል የምትሸፍን ማዕዘን ናት። ይህ ሒሳብን ለወታደር ያቀልለታል። ዒላማው 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከመድፉ 400 ሜትር ከፍ ቢል፣ 400ን ለ5 ማካፈል ነው፤ 80 ሚል ወደ ላይ ይጨመራል። ከኮምቦልቻ ደሴን ብትለኩ 650 ለ12፣ 54 ሚል ገደማ ይወጣል። ለተማሪዎች ጥሩ ልምምድ ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያን መድፈኛ በተለይ የሚመለከት ጣጣ አለ። አሜሪካኖች ሙሉውን ክብ ለ6,400 ይከፍሉታል፣ ሶቪየቶች ለ6,000። ሠራዊቱ በ1970ዎቹ መግቢያ (እ.ኤ.አ. በ1977 እና ከዚያ ወዲህ) ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት መሣሪያ ሲዞር የተለወጠው ብረቱ ብቻ ሳይሆን የመቁጠሪያው ቋንቋም ነው። 1,500 የሚለው ቁጥር በሶቪየቱ መነጽር ትክክል 90 ዲግሪ ነው፤ በአሜሪካው ግን 84 ዲግሪ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። በ8 ኪሎ ሜትር ርቀት ይህ ወደ 785 ሜትር ስሕተት ነው። የጠላትን ምሽግ እመታለሁ ያለ የራሱን ወገን ወይም መንደር ይመታል።

ዓይን የሆነው ሰው፣ የተኩስ ተመልካቹ፣ ነው ጋራው ላይ የሚወጣው። መነጽር፣ ካርታ፣ ኮምፓስና ሬድዮ ይይዛል፤ በ1933 ዓ.ም. ቢሆን ብዙ ጊዜ የሽቦ ስልክ ነበር፣ ሽቦው በተበጠሰ ቁጥር መድፉ ይታወራል። የመጀመሪያው ጥይት ሲወድቅ ተመልካቹ «ጨምር 400» ይላል፤ ካለፈ «ቀንስ 200»፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 50። ዒላማውን በሁለት ጥይት መካከል ካስገባ በኋላ ክፍተቱን በግማሽ በግማሽ እያጠበበ ይሄዳል። ጀማሪ ተመልካች የሚያጠፋው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ዒላማው ላይ ለመድረስ ይሞክራል። እሱ 50 ሜትር እየጨመረ ሲንፏቀቅ ጠላት ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ደግሞ ተራራ ላይ ዓይን ያታልላል፤ በጠራ አየር ከጋራ ላይ ወደ ሸለቆ የሚታይ ነገር ከሚገኝበት ይልቅ ቅርብ ይመስላል።

በተመልካቹና በመድፉ መሃል ስሌት ቤቱ፣ ተኩሱን የሚያሰላው ክፍል፣ አለ። የባሩዱን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። የሃውዘር፣ ማለትም ጥይቱን ከፍ አድርጎም መወርወር የሚችል መድፍ፣ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ በትንንሽ ከረጢት ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ኤም 101 ሰባት ደረጃ አለው። ከረጢቶቹን ሁሉ ቀለሁ ውስጥ ከተዉዋቸው ጥይቱ ሩቅና ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ከረጢት ቢያወጡና አፈሙዙን ከ45 ዲግሪ በላይ ቢያቀኑ ጥይቱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከጋራው ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል። ከፍታ ይዞ ቁጭ ያለ ጠላት የሚፈራው ይህን ነው፤ ጀርባውም ፊቱም እኩል ይሆንበታል። የተወገደውን ከረጢት የቆጠረ ሰው ከሌለ ግን አንድ መድፍ በአራተኛው፣ ሌላው በአምስተኛው ደረጃ ይተኩሳል፤ የአንዱ ባትሪ (አብረው የሚተኩሱ መድፎች ክፍል) ጥይት በመቶ ሜትሮች ተራርቆ ይወድቃል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፣ አየሩ። ለየርቀቱ የአፈሙዙን ማዕዘን የሚነግረው የተኩስ ሰንጠረዥ መነሻው የባሕር ጠለል አየር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከዚያ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። የሚገታው አየር ስለሳሳ ጥይቱ ከሰንጠረዡ አልፎ ይሄዳል። ይህን ያላረመ ባትሪ የመጀመሪያ ጥይቱ ሁልጊዜ ከዒላማው ኋላ ይወድቃል። ባሩዱ ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታል። የሶቪየት ሰንጠረዥ የባሩድ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የአሜሪካው 21 ዲግሪ ነው ብሎ ይነሳል። በደሴ የኅዳር ሌሊት የበረደ ባሩድ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ጥይቱን ያሳጥረዋል። ኮምቦልቻ ላይ ቀትር ፀሐይ ሲያግለው የዋለው ያረዝመዋል። ለዚህ ነው የጥይት ሣጥን በሸራ ጥላ ሥር የሚቀመጠውና ቴርሞሜትር ከሣጥኖቹ አንዱ ውስጥ የሚገባው። ይህን የማይሠራ ባትሪ ጠዋት ያረመው ተኩስ ከሰዓት ዋጋ የለውም።

ጥይቶቹ በአንድ ቁጥር ቢተኮሱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ አይገቡም። በተኩሱ አቅጣጫ የረዘመ፣ በጎን የጠበበ ሞላላ ሠርተው ይበተናሉ። ፊቱን ወደ መድፉ ያዞረ ዳገት ላይ ይህ ሞላላ ያጥራል፣ ተኩሱ ይሰበሰባል። ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ጀርባ ላይ ግን ይለጠጣል። ብልህ እግረኛ አፋፉ ላይ ሳይሆን ከአፋፉ ጀርባ የሚመሽገው በከንቱ አይደለም።

ስንቁንም አንርሳ። የዲ-30 ጥይት፣ ቀለሁን ሳይጨምር፣ 21.76 ኪሎ ነው። ስድስት መድፍ ያለው ባትሪ እያንዳንዱ 100 ጥይት ቢተኩስ 13 ቶን፣ ማለትም 130 ኩንታል ብረት ሐረጎን መውጣት አለበት። በደቂቃ ስድስት ቢተኩስ ይህ ሁሉ ከ20 ደቂቃ በታች ያልቃል። መድፍን ብዙ ጊዜ ዝም የሚያሰኘው ጠላት ሳይሆን የባዶ ሣጥን ክምር ነው።

አሁን 1933 ዓ.ም.። ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በከሚሴ በኩል መጣ፤ ውጊያው ከሚያዝያ 9 እስከ 14 ቆየ፤ ደሴ በሚያዝያ 18 ተያዘች። ጣሊያኖች መንገዱን ከላይ የሚያዩ ከፍታዎችን በመድፍ ይዘው ነበር፤ መንገዱን ተከትሎ በሰልፍ በሚመጣ ጦር ላይ ይህ አያያዝ ትክክል ነው። አጥቂዎቹ ግን መንገዱን ብቻ አልተከተሉም። መድፋቸው ከታች ሆኖ ሲተኩስ እግረኛቸው ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር በጎን ባሉት ጋራዎች እየወጣ ከፍታዎቹን ያዘ። ያ ጎን ቀደም ብለን ያነሳነው ጥይት የማይደርስበት ጥግ ነው። ወደ ቦርከና ሸለቆ የተቀሰረ መድፍ ከጎኑ አፋፍ ለሚወጣ ሰው ለመዞር እግሮቹ ተነቅለው እንደገና መተከል አለባቸው። ኤም 101ን የመሰለ ሁለት እግር ያለው መድፍ ሳይነቀል ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው በድምሩ 46 ዲግሪ ብቻ ነው። የእንግሊዙ ባለ 25 ፓውንድ ክብ መድረክ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ዲ-30ም ሦስት እግር ስላለው ሙሉ ክብ ይዞራሉ፤ ሁለቱም የተሠሩት ይህን ችግር ለመሻር ነው።

ጫፍ ላይ የተጠመደ መድፍ ሌላም ዕዳ አለበት፤ ብልጭታው ከሩቅ ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የተራራቁ ድምፅ መቅጃዎች ድምፁ ለእያንዳንዳቸው የደረሰበትን ቅጽበት በማነጻጸር መድፉ ያለበትን ቦታ ማስላት ተችሏል። ፈረንሳይ ውስጥ ካምብሬ ላይ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1917 እንግሊዞች 1,003 መድፍ አንድም የማረሚያ ጥይት ሳያስቀድሙ በስሌት ብቻ ተኮሱ። ከዚያ ወዲህ ቦታው የታወቀና የማይነቃነቅ መድፍ ዕድሜው አጭር ነው። በጫፉ ላይ መቀመጥ ያለበት አንድ ተመልካችና አንድ ሬድዮ ነው፤ እነሱን ማንም በቀላሉ አያያቸውም።

አንድ ማሳሰቢያ ጣልቃ ላስገባ። ተማሪዎች ጋራ ላይ የዛገ ጥይት ካገኙ አይነኩትም፤ የተተኮሰ ግን ያልፈነዳ ጥይት ፊውዙ (ማፈንጃው) ሽክርክሪቱን ጨርሶ ነቅቷል፣ ዝገት ደግሞ ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም። ቦታውን በሩቁ ምልክት አድርገው ለፖሊስ ይናገሩ።

ክፍል ውስጥ እንዲታያቸው ከፈለጉ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ከደሴ አፋፍ እስከ ኮምቦልቻ መስመር ያስምሩ። መስመሩ የከፍታ ክቦቹን በሚቆርጥበት ቦታ ሁሉ ከፍታውን ወደ ካሬ ወረቀት ይገልብጡ፤ አግድሙ 12 ኪሎ ሜትሩ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ወደ ላይ ደግሞ 100 ሜትሩን በ1 ሳንቲ ሜትር ይሳሉ። በዚህ ልክ ቁመቱ ከአግድሙ አምስት እጥፍ ተጋንኗል፤ ስለዚህ የመድፉን 5 ዲግሪ በፕሮትራክተር አይለኩ። ከአፋፉ ጀምረው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 4.4 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ መስመር በማስመሪያ ይስሩ። ከዚያ መስመር በታች የሚቀረውን መሬት በእርሳስ ያጥቁሩ። ጥይቱ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚጎብጠውን ለጊዜው ይተዉት፣ ቅርብ ላይ ትንሽ ነው። የጠቆረው ከአፋፉ ሥር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ካዩ በኋላ እግረኛ በየት በኩል እንደሚወጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያሳዩዎታል።